በምሥራቅ ከማን ጋር ይዋሰናሉ?

ፍልስፍናን እኔ የሥራ ፈት ወሬ ነው ብዬ ነበር የያዝኩት። ምን ላድርግ፣ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። እኛ ዘንድ ነገር አዋቂ ሞልቷል። ለሠርግ ብትሄዱ፣ ለለቅሶ ብትሄዱ፣ አንዲት ቃል ይዞ የሚሰነጥቅ ሰው አጠገባችሁ መቀመጡ አይቀርም። አባቴ ራሱ ቅኔ ቤት ገብቶ የወጣ ሰው ስለነበር፣ "ጨው አቀብዪኝ" ሲለኝ እንኳ ሌላ ትርጉም ይኖረው ይሆን እያልኩ ነው ያደግሁት። ኮምፒውተር ስማር ታዲያ ነፍሴ አረፈች። ኮምፒውተር አያሽሟጥጥም። ያስገባሽውን ያወጣል፣ ያላስገባሽውን አያወጣም። ከዚህ የበለጠ ምን እውነት አለ እል ነበር።

ከሚሌኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ከከተማችን ብዙ ሳይርቅ ባለ አንድ ወረዳ፣ መሬት ጽሕፈት ቤት የዳታ ባለሙያ ሆኜ ገባሁ። ጊዜው መሬት ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር የሚገባበት ነበር። ቀድሞ ገበሬው የሚያውቀው አረንጓዴ ደብተሩን ነው፤ ስሙ፣ የማሳው ስፋት፣ አዋሳኞቹ ይጻፉበትና ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። አሁን ግን ማሳው ከሰማይ ፎቶ ተነሥቶ፣ መሥመር ተሠምሮለት፣ ቁጥር ተሰጥቶት ይመጣል። ቁጥሩን ስጫን ማሳው ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። የባሕር ዛፉ ጥላ፣ የከብት መሄጃው ሳይቀር ይታያል። ሽማግሌዎቹ "ወይ ጉድ! ያቻት ወይራችን!" እያሉ ሲያማትቡ የሠራሁት እኔ ይመስል ደረቴን እነፋ ነበር።

ዲግሪዬን ለመጨረስ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ እዚያው ማርቆስ እማራለሁ። ትምህርቱ የኢንፎርሜሽን ሲስተም ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አዲስ መምህር ገባ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁለት ሹራብ ደራርቦ አሁንም የሚንቀጠቀጥ። ከደቡብ ነው የመጣው፣ ጴንጤ ነው ተብሎ አስቀድሞ ተወርቶለታል። ሰሌዳው ላይ "ፍልስፍና እና የመረጃ ሥርዓት" ብሎ ጻፈ። እኔ ከኋላ ሆኜ አጠገቤ ላለችው ልጅ "በቅኔ አገር ፍልስፍና ሊሸጥልን መጣ!" አልኳት። ድምፄ ዝቅ ማለት አያውቅበትም። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሱም አብሮ ሳቀ።

"የሚገዛ ከሌለ በነፃም እሰጣለሁ" አለና "አባቱ ገበሬ የሆነ?" ብሎ ጠየቀ። እጁን ያላወጣ አልነበረም ማለት ይቻላል። አንዱን አስነሣው።

"አባትህ ሞፈሩ ቢሰበር ምን ያደርጋል?"

"ይቀይራል።"

"ቀንበሩስ?"

"ይቀይራል።"

"ማረሻውስ ሲያልቅ?"

"ያስቀጠቅጣል። ካልሆነም ሌላ ይገዛል።"

"እንግዲህ ሁሉም በየተራው ተቀይሮ አለቀ እንበል። አባትህ 'ይህ የአባቴ የእርሻ ዕቃ ነው' ሊል ይችላል?"

ልጁ ሳያመነታ "እንዴታ! አያቴ የተወው ነዋ" አለ።

"ታዲያ ምኑን አይተህ ነው ያው ነው የምትለው? እንጨቱን ነው ወይስ ብረቱን?"

ክፍሉ ተንጫጫ። ግማሹ ያው ነው አለ፣ ግማሹ አይደለም አለ። እኔ ቆሽቴ አረረ። ብድግ ብዬ "መምህር፣ እኔ ዳታቤዝ ልማር ነው የመጣሁት። ሞፈርና ቀንበር ለመቁጠርማ አያቴ ቁይ አለችልኝ፤ እዚያው እሄድ ነበር" አልኩ። ሌላ መምህር ቢሆን በሩን ያሳየኝ ነበር። ይህኛው ግን ደስ ነው ያለው።

"በጣም ጥሩ። ዳታቤዝሽ ውስጥ አንድ ሰው አለ እንበል። ስሙን ቀየረ፣ ቀበሌውን ቀየረ፣ ስልኩን ቀየረ። ያው ሰው ነው?"

"መለያ ቁጥሩ ያው ከሆነ ያው ነው።"

"ቁጥሩን ማን ሰጠው?"

"እኛ።"

"ስትሰጡት፣ እሱ ራሱ መሆኑን በምን አወቃችሁ?"

"በስሙ…" አልኩ። እሱም ፈገግ አለ። ፈገግታው ሰው ያናድዳል። ተቀመጥኩ፤ ሳምንቱን ሙሉ ግን ያቺ ጥያቄ እንደ እሾህ ወግታኝ ቆየች።

በኋላ በኋላ ለመድነው። ከክፍል ስንወጣ ግቢው በር ላይ ባለችው ሻይ ቤት እንቀመጣለን። ዕድሜው ከእኔ ብዙ አይበልጥም፤ ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ፣ ዞር ሲል ግን "ያ ብርዳም" ነው ስሙ። በዚያን ሰሞን "ቢግ ዳታ" የሚባል ነገር መጥቶ ሥልጠናው ሁሉ ስለ እሱ ነበር። ዳታ ሲበዛ እውነቱ ራሱ ይናገራል ይሉናል አሠልጣኞቹ፤ እኔም አምኛለሁ። መምህሩን "ምን ይላሉ?" አልኩት፤ ሲሸነፍ ለማየት ነበር።

"አውድማ ላይ የጤፍ ክምር አይተሻል አይደል?" አለኝ፤ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎ እየሞቀ። "ክምሩ ትልቅ ነው፤ ብዙ ይነግርሻል። ዘንድሮ አገሩ እንዴት እንደሰነበተ ከሩቅ ታዪበታለሽ። ይህን አልንቅም። ግን አንዲቷን ፍሬ አንስተሽ 'አንቺ ከማን ማሳ መጣሽ?' ብትዪ ክምሩ አይመልስልሽም። ለክምር የክምር ጥያቄ ነው የሚቀርብለት። ደግሞ ዳታ እንደ ጤፍ ከመሬት አይበቅልም። ሰው ጠይቆ ሰው ሲመልስ ነው የሚመጣው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሰው የለም። ያለው ሰው ለተጠየቀው ጥያቄ የሰጠው መልስ ነው። ጥያቄው ከጎደለ፣ መልሱ አንድ ሚሊዮን ቢሆንም ጎዶሎው አይሞላም።"

"ኧረ መምህር፣ እርስዎ ማርቆስ ሳይወለዱ ነው እንዲህ የሚናገሩት!" አልኩት። ከእኔ አፍ የወጣ ትልቁ ሙገሳ እሱ ነበር። ውስጤ ግን ገና አልተረታም። ነገሩ ሥጋ ለብሶ የመጣው እኚያ ሴትዮ ቢሮዬ የገቡ ዕለት ነው።

ጠይም፣ ደቃቃ፣ ነጠላቸውን አጥብቀው ያጣፉ እናት ናቸው። አረንጓዴ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። "እንደምን ዋልሽ ልጄ። መሬቴ ከኮምፒውተሩ ጠፋች ቢሉኝ ልፈልጋት መጣሁ" አሉኝ። የጠፋች ጥጃ የሚፈልጉ ነው የሚመስሉት። አስቀምጬ ጠየቅኋቸው። ባላቸው ሞቷል፣ ልጅ አልወለዱም። እናታቸው ደብረ ኤልያስ በኩል ታመው አልጋ ሲይዙ ማሳቸውን ለባላቸው ታናሽ ወንድም ለእኩል ሰጥተው ሊያስታምሙ ሄዱ። የሰው ልጅ ሕመም ቀጠሮ የለው፣ ማስታመሙ ዓመታት ፈጀ። እናታቸውን ቀብረው ሲመለሱ ይኸው የባላቸው ወንድም፣ ዋርሳቸው፣ "የምን መሬት?" አላቸው። የምርቱን እኩሌታም ከለከለ።

ስማቸውን በደብተሩ ላይ እንዳለው አስገባሁ። ማሳዋ ብቅ አለች፤ "ባለይዞታው ያልተገኘ" ይላል። መታወቂያቸውን ተቀብዬ ሳየው ሌላ ስም ነው። መታወቂያውን ያወጡት እናታቸው ዘንድ ሳሉ ነበር፤ የዚያ ቀበሌ ሰው የሚያውቃቸው በልጅነት ስማቸው ነው።

"እማማ፣ ስንት ስም ነው ያለዎት?"

"እንደ ሰው ነዋ ልጄ። እናቴ ያወጣችልኝ አለ። ክርስትና ስነሣ ቄስ ያወጣልኝ አለ። ዳር ስወጣ ደግሞ አማቴ ያወጣችልኝ አለ፤ ደብተሩ ላይ የተጻፈው እሱ ነው።"

አማት ለምራቷ ስም ማውጣቷን የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም። የእኔም እናት አላት። ግን ስንቶቻችን ነን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠን ያሰብነው?

"ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ዕለት" አሉኝ፣ ፊታቸው በራ ብሎ፣ "አማቴ ደጃፍ ላይ አቁማ፣ ራሴን ቅቤ ቀብታ ስም አወጣችልኝ። በዚያ ቤት ወግ አዲሱን ስም መጀመሪያ የሚጠራው የቤቱ ትንሽ ልጅ ነው። 'በል ጥራት' ይባላል። እሱ ይጠራል፣ ሙሽራዋ 'አቤት' ትላለች። አቤት ካልሽ አለቀ። ከዚያ ወዲያ በዚያ አገር ሌላ ስም የለሽም።"

በሦስቱም ስም ፈለግሁ። አገላብጬ ፈለግሁ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። ኮምፒውተሩ ዘንድ ሦስት ሴቶች ናቸው፤ አንደኛዋ መሬት አላት ግን እሷ የለችም፣ ሁለተኛዋ አለች ግን መሬት የላትም፣ ሦስተኛዋ ጨርሶ አልተፈጠረችም። ፊቴ የተቀመጡት ግን አንድ ሴትዮ ናቸው፤ የነጠላቸውን ጫፍ ጭቃ ነክቶታል።

ኃላፊያችን ዘንድ ይዣቸው ገባሁ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው። ስክሪኑን አየና "ሲስተሙ አያውቃቸውም" አለ። የመዝገቡ ማረሚያ ጊዜ ከክረምት በፊት ይዘጋል፤ እስከዚያ ባለይዞታዋ ካልተገኘች ማሳው እያረሰ ባለው ሰው ስም ይገባል። ዋርሳቸውም ማመልከቻውን አስገብቷል። "የስሙ ባለቤት አገር ጥላ ሄዳለች፤ ይቺ ባለ መታወቂያ ማን እንደሆነች አላውቅም" ብሎ ነው ያመለከተው። ወይ አለማፈር! ኃላፊው "እንግዲህ ምስክር ያምጡ፤ ሌላ መንገድ የለኝም" አላቸው።

ምስክሩን ከየት ያምጡት? ዋርሳቸው በቀበሌው ጠና ያለ ሰው ነው። በሬ የጎደለው የሚለምነው፣ ዘር ያነሰው የሚበደረው እሱን ነው። አገሩም በሚስትና በርስት ቀልድ የለም የሚል አገር ነው፤ በመሬት ነገር ሰው ላይ መመስከር ጠላት መግዛት ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ሁሉም የሴትዮዋን ጉልበት ይስማል፤ እጅህን አንሥተህ መስክር ሲባል ግን ሁሉም ሥራ ይበዛበታል። ሴትዮዋ ከቢሮው ስንወጣ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። "ልጄ፣ አለሁ እኮ። አለመኖሬን ማን ነገራቸው?" አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

ቅዳሜ ሻይ ቤቱ ገብቼ ሳልቀመጥ ነው የለቀቅሁበት። መምህሩ ሳያቋርጠኝ ሰማኝና፣ እንደ ልማዱ፣ ጥያቄ ጀመረ።

"አዲሱ ሲስተም ስለ ማሳው ምን ምን ይጠይቃል?"

"ቁጥር፣ ስፋት፣ የባለይዞታ ስም፣ መታወቂያ፣ ካርታ።"

"አዋሳኝስ?"

"ያ ቀርቷል። ካርታ እያለ አያስፈልግም ተባለ።"

ብርጭቆውን ቁጭ አደረገ። "አዋሳኝን አወጣችሁት?" አለ፤ ሰው ሞተ ብዬ የነገርኩት ነው የሚመስለው። "አንድን ነገር በሁለት መንገድ ነው የምታውቂው። አንዱ የራሱ የሆነውን በመዘርዘር ነው፣ ስሙን፣ ልኩን፣ መልኩን። ሌላው ከማን አጠገብ እንዳለ በማየት ነው። የእናንተ ገበሬ መሬቱን ሲያውቅ የኖረው በሁለተኛው ነው። 'በሰሜን እከሌ፣ በደቡብ እከሌ' ሲል ስንት ፈላስፋ የደከመበትን ነገር እየተናገረ ነው። ስም ይቀየራል፤ አንዲት ሴት ሦስት ሊኖራት ይችላል። የቆመችበት ቦታ ግን በሰዎች መካከል አንድ ነው።"

"ፍልስፍናውን ይተዉልኝና ምስክር የለም እያልኩዎት ነው!" ብዬ ጮህኩ። ሻይ ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየን።

"ለምን የለም?"

"ስለ እሳቸው ብሎ ከሰውየው ጋር የሚጣላ ማን አለ?"

"እንግዲያው ስለ እሳቸው አትጠይቂያቸው" አለ ቀስ ብሎ። "እያንዳንዱን ስለ ራሱ ጠይቂው። ስለ ሌላ ሰው መመስከር ያስፈራል፤ የራስን ድንበር መናገር ግን ማንን ያስፈራል? 'እርስዎ በዚህ በኩል ከማን ጋር ይዋሰናሉ?' በያቸው። ይህ ምስክርነት አይደለም፣ የራስን መሬት ማስከበር ነው። ግን ሰው የራሱን ድንበር ሲናገር የጎረቤቱን ስም ሳይጠራ አይሆንለትም።"

 እኔ ያን ሁሉ ቀን ሴትዮዋን ስፈልግ የነበረው እሳቸው ውስጥ ነው፤ ስማቸው ውስጥ፣ መታወቂያቸው ውስጥ፣ ደብተራቸው ውስጥ። አጠገባቸው ማን እንደቆመ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም፤ ሲስተሙም አልጠየቀም። ይህ ሰው፣ ያገሬን ማሳ ረግጦ የማያውቅ፣ ብርዳችን ገና ያልለቀቀው ሰው፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘው። የዚያን ዕለት ከልቤ ነው ያደነቅሁት፤ ዛሬም ድረስ አልቀነሰልኝም። አሁን ሌላ ከተማ ያስተምራል። እኔ ግን አዲስ ሲስተም ፊቴ በመጣ ቁጥር ምን እንደሚጠይቅ ሳይሆን ምን እንደማይጠይቅ ነው መጀመሪያ የማየው፤ ይህን ያወረሰኝ እሱ ነው።

"ዋርሳቸውስ?" አልኩት።

"እሱንም ጠይቂው። ከሁሉም በኋላ።"

"የኔ ነው ቢልስ?"

"ሊል ይችላል" አለ። "ፍልስፍና ሰውን እውነት አያናግርም። ጥያቄውን ነው የሚያስተካክለው።"

ኃላፊያችንን ለመንኩት። ማረሚያው ሳይዘጋ ድንበር ማየት ሥራችን ነው፣ አዋሳኞቹን አንድ ጊዜ ማሳው ላይ እንሰብስባቸው አልኩት። "ምን አዲስ ነገር ታመጫለሽ?" ብሎ ጥቂት አጉረመረመ፤ ግን ሥርዓት የሚወድ ሰው ስለሆነ "ድንበር ማጣራት" ሲሉት እምቢ አይልም። መምህሩም ልይ ብሎ ተከተለን። ግንቦት ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እሱ ሹራቡን አላወለቀም።

ማሳዋ ተዳፋት ላይ ያለች፣ አፈሯ ቀይ፣ ደህና ማሳ ናት። በላይ በኩል የሚያዋስኗቸው ቄስ ናቸው፣ በታች በኩል አንድ ጎልማሳ፣ በምሥራቅ ሌላ ባልቴት፣ በምዕራብ ዋርሳቸው። "እያንዳንዳችሁ በየድንበራችሁ ቁሙልን" አልኩ። ቆሙ። ሴትዮዋ መሐል ማሳቸው ላይ ብቻቸውን ቀሩ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። ዋርሳቸው ጋቢውን አጣፍቶ፣ በትሩን ተመርኩዞ፣ ሁሉንም በዓይኑ ይቆጣጠራል።  ማንም ወደ ሰውየው አያይም።

"አባ፣ እርስዎ በታች በኩል ከማን ጋር ይዋሰናሉ?" አልኳቸው ቄሱን።

ቄሱ ጥያቄው ወጥመድ ይኖረው እንደሆነ ትንሽ አሰቡ። ስለ ራሳቸው መሬት ነው የተጠየቁት። "ከንስሐ ልጄ ጋር ነዋ" አሉና በክርስትና ስማቸው ጠሯቸው።

ጎልማሳውን ጠየቅሁት። "በላይ በኩል? ከሟቹ ሚስት ጋር። አባቴም ሲዋሰን የኖረው ከእነሱ ጋር ነው፤ ድንበሬ ያቺ ድንጋይ ናት፣ እንዳትነካብኝ!" አለ። እሱ እንኳን ሊፈራ፣ ለድንጋዩ ሊጣላን ደርሶ ነበር።

ባልቴቷ ጥያቄዬን እስክጨርስ አልጠበቁም። "ከማን ጋር ትያለሽ? ከእሷ ጋር ነዋ! ጎመን በድንበሩ ስንቀባበል አይደል የኖርነው?" አሉ፤ የሴትዮዋ አማት ያወጡላቸውን ስምም ሳይሳቀቁ ጠሩ። ኃላፊያችን መጻፉን ትቶ ቀና አለ። ገብቶታል። በሦስት ወገን ሦስት ሰው የራሱን መሬት ሲያስከብር፣ መሐል ላይ አንዲት ሴት እየታየች መጣች።

አንድ ወገን ቀረ። ዋርሳቸው ዘንድ ሄድኩ።  ይህ ሰው አንዲት ቃል ቢናገር፣ "የኔ ነው" ቢል፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ፍርድ ቤት ሲንከባለል ደግሞ ክረምቱ ይገባል፣ ማረሚያውም ይዘጋል።

"አባቴ፣ እርስዎ በምሥራቅ ከማን ጋር ይዋሰናሉ?"

 የድንበሩን ድንጋይ አየው። ቄሱን አያቸው፣ ጎልማሳውን አየው፤ አሁን ሁሉም ወደ እሱ ነው የሚያዩት። "በምሥራቅ…" አለ።  ከማሳው ወዲያ ማዶ፣ የእናቱ ቤት የነበረበት ቦታ አጥሩ ፈርሶ፣ ደጃፉ ላይ የነበረው ግራር ብቻውን ቆሟል። ወደዚያ ብዙ አየ።  ሴትዮዋ አሁንም አቀርቅረዋል።

ከዚያ ስም ጠራ። ለእኔ አልነበረም የተናገረው። ፊቱን ወደ እሳቸው አዙሮ፣ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠሩት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እናቱ ያወጣችላቸውን ስም ጠራ።

ሴትዮዋ ቀና አሉ። ሳያስቡት፣ ከአፋቸው አምልጦ፣ "አቤት!" አሉ።

 ሰውየው በትሩን ለቀቀና ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ። "እሷ ናት" አለ፣ ከጋቢው ውስጥ። "እናቴ 'በል ጥራት' ያለችው እኔን ነበር። መጀመሪያ የጠራኋት እኔ ነኝ። እንዴት አላውቃትም እላለሁ? እናቴ ከመቃብር ምን ትለኛለች?"

እኔ እንባዬ መጣ፤ መምህሩን ዞር ብዬ ሳየው በሹራቡ እጅጌ ዓይኑን ይጠርጋል። ሴትዮዋ ግን ነጠላቸውን ከአፋቸው አንሥተው ዋርሳቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። "አዎ፣ ያን ጊዜ ንፍጡ እንኳ አልተጠረገም ነበር" አሉ። ቄሱ ቀድመው ሳቁ፤ ከዚያ ሁላችንም፣ ሰውየው ራሱ ሳይቀር፣ እያለቀስን ሳቅን።

ኃላፊያችን ብዕሩን አዘጋጅቶ "እንግዲህ ሲስተሙ የሚቀበለው አንድ ስም ነው" አላቸው፤ ቢሮ ካሉን ጊዜ ይልቅ ለስለስ ብሎ። "የትኛውን እንጻፍልዎት?"

ሴትዮዋ ወደ ዋርሳቸው አዩ።

"ይቺን አሁን የጠራኝባትን ጻፉልኝ" አሉ። "ሁለቱን እኔ አውቃቸዋለሁ።"